መካከለኛ ወይስ ውድ? ኤሌክትሪክ ጊታር አመራረጥ ከእጅ እስከ ጆሮ

ሁለት ጊታሮች ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ቅርጻቸው አንድ ነው። ቀለማቸውም ያው ነው። የአንደኛው ዋጋ ግን የሌላኛውን ሦስት እጥፍ ነው፤ አንዳንዴም አራት እጥፍ። ጥቂት ዓመት የተጫወተና ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው እዚህ ቦታ ሲደርስ ይጨነቃል። “ርካሹን ገዝቼ በኋላ ቢቆጨኝስ? ውዱን ገዝቼ ልዩነቱ ባይሰማኝስ?” ይላል።

እኔም በዚህ ጭንቀት ውስጥ ከአንዴም ሁለቴ አልፌያለሁ። አንድ ጊዜ ስሙን ብቻ አይቼ ውድ ጊታር ገዛሁ። ቤት ስደርስ 3ኛው ክር በጭራሽ አይቃኝም። ጥፋቱ ጥፍር የምታህል አንዲት ቁራጭ ላይ ነበር። ባለሙያ ጋ ወስጄ በግማሽ ሰዓት ተስተካከለች፤ ጊታሩም ሌላ ጊታር ሆነ። ያን ቀን የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ተጨማሪው ገንዘብ በአብዛኛው የሚገዛው የሰው እጅ የሚያጠፋውን ሰዓት ነው፤ ፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ሲሞረድ፣ አንገት ሲለሰልስ፣ ክር የሚያልፍበት ቦይ ሲቆረጥ የሚያልፈውን ሰዓት። ያ ሰዓት በትክክል ጊታሩ ላይ መዋሉን ደግሞ እናንተው ማረጋገጥ አለባችሁ። እንዴት እንደምታረጋግጡ ደረጃ በደረጃ እነሆ።

1. አሁን ያላችሁ ጊታር ምን እንደጎደለው ጻፉ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀት ያዙ። የምትጫወቱበት ጊታር የሚያናድዳችሁን ነገር በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር አስፍሩ። “ጥሩ አይደለም” ብላችሁ አትለፉት። የትኛው ፍሬት ላይ፣ ምን ስትጫወቱ፣ ምን እንደሚሆን ጻፉ።

ከዚያ እያንዳንዱን ቅሬታ ለብቻው እዩት። “ቅኝቱ አይረጋም” ካላችሁ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ክሩ ከጭንቅላቱ በታች የሚያልፍበት ቦይ ነው፤ ክሩ እዚያ ይነከሳል። ወይም ክሩ ሲገጠም በደንብ አልተሳበም። “እጄ ቶሎ ይደክማል” ካላችሁ የክሩ ከፍታ አልተስተካከለም ማለት ሊሆን ይችላል። “ድምፁ ቀጭን ነው” ካላችሁ መጀመሪያ አምፕሊፋየሩን ጠርጥሩ። እነዚህ ሁሉ ከአዲስ ጊታር ዋጋ በጣም ባነሰ ገንዘብ የሚፈቱ ናቸው።

የማይስተካከል ቅሬታም አለ። የአንገቱ ውፍረት ለእጃችሁ አይሆንም። ክብደቱ ትከሻ ይሰብራል። ከ15ኛው ፍሬት በላይ እጃችሁ አይገባም። አንገቱ ተጠማዟል፤ በውስጡ ያለው ማስተካከያ ብረት፣ ትራስ ሮድ የሚሉት፣ መጨረሻው ድረስ ተጠምዝዞ ምንም አልረዳም። ወረቀታችሁ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካለ አዲስ ጊታር ያስፈልጋችኋል። ከሌለ ግን፣ ከልቤ ነው የምላችሁ፣ መጀመሪያ ያላችሁን ጊታር ሴትአፕ (የክር ከፍታ፣ የአንገትና የቅኝት ማስተካከያ) አሠሩና አንድ ወር ተጫወቱበት።

2. ገንዘቡን በሙሉ ጊታሩ ላይ አታፍስሱ

ኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን ግማሽ መሣሪያ ነው። ሌላው ግማሽ አምፑ ነው። አምፑና ስፒከሩ ድምፁን የሚቀርጹት ከጊታሩ እንጨት ይበልጥ ነው። መካከለኛ ጊታር በጥሩ አምፕ ሲጫወቱት ያስደስታል። ውድ ጊታር በደካማ የመለማመጃ አምፕ ስትጫወቱ ግን የምትሰሙት ያንኑ ደካማ አምፕ ነው። ለማመን ከከበዳችሁ የራሳችሁን ጊታር ይዛችሁ ሂዱና ሱቅ ውስጥ ካለ ጥሩ አምፕ ጋር ሰኩት። እዚህ ላይ ሐሳቡን የሚቀይር ሰው ጥቂት አይደለም።

እኔ የምመክረው ክፍፍል ይህ ነው። ጥሩ አምፕ ከሌላችሁ ለጊታሩ የምታወጡት ከጠቅላላው ገንዘብ ግማሽ ብዙም አይለፍ። ጥሩ አምፕ ካላችሁ ደግሞ 85 በመቶ ያህሉን ለጊታሩ አድርጉ። ቀሪውን ለሴትአፕ፣ ለክርና ለጠንካራ መያዣ ሳጥን አስቀምጡ። ይህን ቀሪ ገንዘብ እንዳትነኩት አደራ። ውዱም ጊታር ቢሆን ከፋብሪካ ወጥቶ፣ ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ የአየር ጠባይ ቀይሮ ነው እጃችሁ የሚገባው። እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲቀየር ይንቀሳቀሳል። አዲስ ጊታር ሴትአፕ አያስፈልገውም የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

3. የስሞቹን መሰላል እወቁ

ትልልቆቹ አምራቾች አንዱን ቅርጽ በብዙ ደረጃ ይሸጣሉ። ፌንደር ስትራቶካስተርን እ.ኤ.አ. በ1954 አወጣ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዛሬ ያው ቅርጽ ስኳየር በሚል ስም በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጣል። ሜክሲኮ ኤንሴናዳ የሚሠራው ፕሌየር መካከለኛው ነው። ካሊፎርኒያ ኮሮና የሚሠራው አሜሪካን ፕሮፌሽናል ከእሱ በላይ ይቀመጣል። ጊብሰን ሌስ ፖልን በ1952 አወጣ፤ በራሱ ስም የሚሸጣቸውን በአሜሪካ ይሠራል፣ ኤፒፎን በሚለው ስም የሚሸጣቸውን ደግሞ በአብዛኛው በእስያ። ፒአርኤስ ዋናዎቹን ሜሪላንድ ውስጥ፣ ኤስኢ የሚላቸውን ኢንዶኔዥያ ያሠራል።

አይባኔዝ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። “ፕሪሚየም” ተብሎ የሚሸጠው ኢንዶኔዥያ የሚሠራው መስመር ነው። ጃፓን የሚሠራው ከፍተኛ መስመር “ፕሬስቲጅ” ይባላል። ስያሜውን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው የፈለገውን ሳያገኝ ይመለሳል።

በደረጃዎቹ መካከል የተደበቁ ጥሩ ዕድሎችም አሉ። ጊብሰን በ1983 የጀመረው ሌስ ፖል ስቱዲዮ የተፀነሰው በቀላል ሐሳብ ነው፤ ዋናው ነገር ይቆይ፣ ጌጡ ይቀነስ። በቦዲው፣ በጊታሩ አካል፣ ዙሪያ የሚለጠፈው ነጭ ጠርዝ ቀረ፣ ዋጋውም ወረደ። ያ ጠርዝ ያምራል፣ ለመግጠምም ብዙ ሥራ ይጠይቃል። ለድምፅ ግን ምንም አያደርግም። ኤፒፎን በበኩሉ በ2020 ባወጣው የ1959 ሌስ ፖል ቅጂ ላይ የጊብሰንን ፒክአፕ፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ዕቃ፣ ገጥሟል። ስለዚህ ሁለት ደረጃዎች ስታወዳድሩ “በመካከላቸው የተለወጠው ዕቃ የትኛው ነው?” ብላችሁ ዝርዝሩን ጎን ለጎን አንብቡ።

የተሠራበት አገር ብቻውን ፍርድ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1982 ጃፓን ውስጥ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ስኳየሮች የወጡት በርካሽነት ነበር፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች እያደኑ ይገዟቸዋል። አሁን ደግሞ ቦዲና አንገት በአብዛኛው በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ነው የሚቆረጡት። ማሽኑ ኢንዶኔዥያም ሆነ አሜሪካ ያንኑ መስመር ይቆርጣል። ልዩነቱ የሚጀምረው ማሽኑ ሲቆም ነው።

4. ተጨማሪው ገንዘብ የት እንደገባ እዩ

ፍሬቶቹን አስቀድሙ። ለኔ ከሁሉም በላይ የሚታየው ልዩነት እዚህ ነው። ጣታችሁን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ከላይ ወደ ታች ሳቡት። ጫፎቹ ቢቧጭሩ ወይ ሥራው ተቸኩሏል፣ ወይ እንጨቱ ደርቆ ተኮማትሯል። ውድ ጊታር ላይ እያንዳንዱ ጫፍ ተሞርዶ ይከበባል፤ የፍሬቶቹ አናትም አንድ ልክ ይሆናል። የተለመደው ፍሬት “ኒኬል ሲልቨር” ይባላል፤ ስሙ ብር ይበል እንጂ ብር የለበትም። መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። አንዳንድ ጊታሮች ላይ የማይዝግ ብረት ፍሬት ይገጠማል። ይህ በጣም ጠንካራ ነው፤ ብዙ ለሚጫወትና ክር ለሚያጎብጥ ሰው ዕድሜው ረጅም ነው። ቀድሞ የውዶቹ ምልክት ነበር፣ አሁን መካከለኞቹ ላይም እየወረደ ነው።

ቀጥሎ ነት ነው፤ ክሮቹ ወደ ጭንቅላቱ ከመድረሳቸው በፊት የሚያርፉባት ቁራጭ። መካከለኛ ጊታር ላይ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ወይም ሰው ሠራሽ ነገር ናት፣ ውዱ ላይ ከአጥንት ትሠራለች። ዕቃው ግን ሁለተኛ ነገር ነው። ወሳኙ የቦዮቹ አቆራረጥ ነው። እኔን ያንገበገበችኝ ቁራጭ አጥንት ነበረች፤ አቆራረጧ ነበር የከፋው። መልካሙ ዜና ነት ርካሽ መሆኗ ነው። በባለሙያ በቀላሉ ትቀየራለች።

አንገቱን በመዳፋችሁ ያዙት። የፍሬትቦርዱ (ፍሬቶቹ የተተከሉበት ሰሌዳ) ጠርዝ ስለታም ነው ወይስ የተሸረፈ ያህል ለስላሳ ነው? ይህ “ብዙ ጊዜ የተጫወቱበት” ስሜት ቀድሞ የውዶቹ ብቻ ነበር። ፌንደር በ2024 ባወጣው ፕሌየር 2 ላይ ጠርዙን አለስልሶታል። መሰላሉ ባለበት አይቆምም፤ የዛሬ አሥር ዓመት የተሰጣችሁ ምክር ዛሬ ላይሠራ ይችላል።

ስለ እንጨት ብዙ ይወራል። ማሆጋኒ፣ ሜፕል፣ አልደር፣ ሮዝውድ፣ ኢቦኒ የሚባለው ዞጲ። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ እንጨት በድምፅ ላይ ያለው ድርሻ ዛሬም ያከራክራል። እኔ ገዢ ብሆን ለእንጨት ዓይነት ብዬ እጥፍ አልከፍልም። ለክብደቱና ለአንገቱ ጥንካሬ ግን እጨነቃለሁ። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2017 መጀመሪያ ላይ የሮዝውድ ዝርያዎች በሙሉ በዓለም አቀፍ ንግድ ቁጥጥር ስር ገቡ። ድንበር ለማቋረጥ ወረቀት አስፈለገ። በዚያን ጊዜ ፌንደር የሜክሲኮ ጊታሮቹን ፍሬትቦርድ ፓው ፌሮ ወደሚባል እንጨት ቀየረ። በ2019 መጨረሻ ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ከቁጥጥሩ ነጻ ሆኑ። በዚያ መካከል የተሠሩትን ጊታሮች “እንጨቱ ወርዷል” ብለው የናቁ ሰዎች ነበሩ። ለውጡ የመጣው ግን ከወረቀት ነው፤ የጥራት ጉዳይ አልነበረም።

ቀለሙም ዋጋ አለው። ብዙዎቹ ጊታሮች ጠንካራ ፖሊዩረቴን ይቀባሉ። አንዳንድ ውድ ጊታሮች ናይትሮሴሉሎስ የሚባለውን ቀጭን ቀለም ይቀባሉ። እሱ በብዙ ንብርብር ይረጫል፣ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሲያረጅ ያማምራል። ደግሞም በቀላሉ ይጫራል፤ አንዳንድ የጎማ ማቆሚያ ላይ ሲቆይም ይበላሻል። ጊታራቸውን ከቦታ ቦታ ለሚያንገላቱ ሰዎች ፖሊዩረቴኑ ይሻላል ባይ ነኝ።

ፒክአፖችን በተመለከተ ልዩነቱ ይሰማል፣ ነገር ግን ይቀየራሉ። ሁለት ዋና ዓይነት አለ። ሲንግል ኮይል አንድ ጥቅል ሽቦ ነው፤ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩንም ጉርምርምታ ይዞ ይመጣል። ሀምበከር ሁለት ጥቅል ነው። የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴት ላቨር በ1955 ያንን ጉርምርምታ ለማጥፋት የሠራው ነው። በሱ ምትክ ድምፁ ወፈር ይላል። ዓይነቱን ስትመርጡ ሙዚቃችሁን አስቡ እንጂ ዋጋውን አታስቡ፤ ውድ ሲንግል ኮይል ሀምበከር አይሆንም።

አሁን አንድ መለያ መስመር አስምሩ። በኋላ ሊቀየር የሚችለው ነገር፦ ፒክአፕ፣ ነት፣ መቃኛ፣ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ብሪጅ (ክሮቹ ቦዲው ላይ የሚያርፉበት ብረት)። ሊቀየር የማይችለው ወይም ብዙ የሚያስወጣው፦ የአንገት ቅርጽ፣ የፍሬት ሥራ፣ ክብደት፣ አንገትና ቦዲ የተጋጠሙበት መንገድ። ገንዘባችሁን ለሁለተኛው ዝርዝር ክፈሉ። መካከለኛ ጊታር በሁለተኛው ዝርዝር ጥሩ ሆኖ በመጀመሪያው ደካማ ከሆነ ግዙት፣ ቀስ በቀስ ታሻሽሉታላችሁ። ውድ ጊታር ደግሞ በመጀመሪያው አብረቅርቆ በሁለተኛው ካልተመቻችሁ ተዉት።

5. እጃችሁ ላይ ያለውን ጊታር ፈትሹ

አንድ ሞዴል ከፋብሪካ ሲወጣ እያንዳንዱ ጊታር አንድ አይደለም። መካከለኞቹ ላይ ከአንዱ ወደ አንዱ ያለው ልዩነት ሰፋ ይላል፣ ውዶቹ ላይ ይጠባል። ግን አይጠፋም። ስለዚህ “ይሄ ሞዴል ጥሩ ነው” አይበቃም፤ ይሄኛው ጥሩ ነው ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። የሚከተለውን ቅደም ተከተል ብትይዙ ግማሽ ሰዓት ይበቃችኋል።

መጀመሪያ አትሰኩት። ጸጥ ያለ ጥግ ፈልጋችሁ ያለ አምፕ ተጫወቱ። አምፕ ብዙ ጉድለት ይሸፍናል። ጊታሩን ቃኙና ኮርድ ምቱ፤ ቦዲው በደረታችሁ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማችኋል? ከዚያ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ አንድ በአንድ ምቱ። አዎ፣ ሁሉንም። ዝዝ የሚል ቦታ ካለ ምልክት ያዙ። ድምፁ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚሞትበት ቦታ ካለም አስተውሉ። አንገታቸው በብሎን የታሰረ ጊታሮች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 3ኛው ክር ላይ፣ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ፍሬት አካባቢ ነው። ዝዝታ በሴትአፕ ሊጠፋ ይችላል። የሞተ ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ከአንገቱ ተፈጥሮ ነው፤ አይለቅም።

ቀጥሎ ክር አጎብጡ። 1ኛውን ክር ከ12ኛው እስከ 15ኛው ፍሬት ባለው ቦታ ላይ ድምፁ አንድ ሙሉ ቶን፣ ማለትም ሁለት ፍሬት ያህል፣ ከፍ እስኪል ግፉት። መሃል ላይ ቢታነቅ አንዱ ፍሬት ከፍ ብሏል፣ ወይም ፍሬትቦርዱ ለዚህ አጨዋወት በጣም ክብ ነው። በድሮው የፌንደር አሠራር የፍሬትቦርዱ ክብነት 184 ሚሊሜትር ራዲየስ ነው፤ ለኮርድ ይመቻል፣ ክሩ ዝቅ ሲል ግን ሲያጎብጡት ይታነቃል። የዛሬዎቹ ፌንደሮች በአብዛኛው 241 ናቸው፣ ጊብሰን 305 ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ሰሌዳው ይበልጥ ጠፍጣፋ ይሆናል።

አሁን አንገቱን በዓይን እዩ። አንዱን ክር 1ኛውና የመጨረሻው ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ተጫኑና 7ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። አንድ የስም ካርድ ጠብቆ የሚገባበት ያህል ከሆነ መልካም ነው፤ 0.25 ሚሊሜትር ገደማ ማለት ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር አካባቢ ቢሆን የተለመደ ነው። ከዚህ ቢርቅ ወዲያው አትጣሉት፤ ሻጩ እንዲያስተካክለው ጠይቁ። ተስተካክሎ እንኳ ካልሆነ ያኔ ተዉት።

ነቷን ለመፈተን ክሩን በ2ኛውና በ3ኛው ፍሬት መካከል ተጫኑ። 1ኛው ፍሬት ላይ ፀጉር የምታህል ክፍተት መቅረት አለባት። ሰፊ ከሆነ ቦዩ አልጠለቀም። ምንም ከሌለ ደግሞ ከመጠን በላይ ጠልቋል። ክሩን ስትቃኙ “ጢን” የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ክሩ እየተያዘ ነው።

የድምፁ እርከን ልክ መሆኑንም ፈትኑ። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ አድርጋችሁ ሃርሞኒክ አሰሙ፤ ከዚያ እዚያው ተጭናችሁ ምቱ። በቱነር (ቅኝት በሚለካው መሣሪያ) ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። ቢለያዩ ብሪጁ ላይ ባሉት ብሎኖች ይስተካከላል፤ ብሎኑ መጨረሻው ድረስ ሄዶ ካልተስተካከለ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ትሬሞሎ (ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ዘንግ ያለው ብሪጅ) ካለው፣ ጥሩ አድርጋችሁ ቃኙና ዘንጉን አምስት ስድስት ጊዜ ግፉት። ተመልሶ እንደነበረ ቃኝቶ መገኘት አለበት። ርካሽ ፍሎይድ ሮዝ (ክሩን የሚቆልፍ ትሬሞሎ) መሰል ብሪጅ የተገጠመበት ጊታር ካያችሁ ተጠንቀቁ። ብረቱ ለስላሳ ከሆነ የሚያርፍበት ስለት ቶሎ ያልቃል፣ ቅኝቱም አብሮ ይሄዳል። በጀታችሁ መካከለኛ ከሆነ ቋሚ ብሪጅ ያለውን ብትወስዱ ይሻላል።

ከዚያ ሰኩት። ንጹሕ ድምፅ ላይ ጀምሩ፣ ዲስቶርሽን፣ የሮክ ሻካራ ድምፅ፣ በኋላ ይመጣል። ሁሉንም የፒክአፕ ቦታ ቀያይሩ። ቁልፎቹን ከ0 እስከ 10 ቀስ እያላችሁ አዙሩ፤ “ክርክር” ማለት የለባቸውም። ድምፁን ወደ 5 ዝቅ ስታደርጉት ድምፁ ይታፈናል ወይስ ጥራቱን ይዞ ዝቅ ይላል? ጥሩ ኤሌክትሪክ ሥራ እዚህ ይለያል። ገመዱ የሚሰካበትንም ነቅነቅ አድርጉት።

በመጨረሻ ማንገቻ አስገቡና 15 ደቂቃ ቆማችሁ ተጫወቱ። ስትራቶካስተር ብዙ ጊዜ 3.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሌስ ፖል ከ4 ኪሎ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ወንበር ላይ ልዩነቱ አይታወቅም፤ መድረክ ላይ በሁለተኛው ሰዓት ይታወቃል። አንዳንድ ጊታር ስትለቁት አንገቱ ወደ መሬት ይሰግዳል፤ ግራ እጃችሁ ሲሸከመው ሊውል ነው ማለት ነው። የክሩ ርዝመትም በእጅ ይታወቃል። ፌንደር 648 ሚሊሜትር ነው፣ ጊብሰን 628 ገደማ፣ ፒአርኤስ በአብዛኛው 635። ረጅሙ ላይ ክሩ ይወጠራል፣ አጭሩ ላይ ይላላል፣ ለማጎበጥም ይቀላል። ጣቱ አጭር የሆነ ሰው አጭሩን ይወደዋል።

6. ዓይናችሁን ጨፍኑ

ሁለት ጊታር ከቀራችሁ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ጀርባችሁን አዙሩ። እሱ ወይም እሷ በአንድ አምፕ፣ በአንድ ቅንብር፣ ያንኑ ዜማ በሁለቱ ይጫወቱ። በቅደም ተከተል ሳይሆን እያቀላቀሉ ስድስት ሰባት ጊዜ። እናንተ የትኛው እንደሆነ ጻፉ። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ራሳችሁ ያዟቸው፤ አሁን እጃችሁ ይናገር።

ጆሮአችሁ ካልለየ፣ እጃችሁም ካልመረጠ፣ ርካሹን ግዙ። ጆሮ ሳይለይ እጅ ከመረጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልዩነቱ የማይሰማ ሆኖ የሚዳሰስ ሊሆን ይችላል። በእጃችሁ ደስ ያላችሁ ጊታር ደግሞ ብዙ ታነሱታላችሁ፣ ብዙ ትለማመዱበታላችሁ። ለዚህ መክፈል ያስቆጫል ብዬ አላምንም።

7. ያገለገለ ውድ ጊታር እንደ ሦስተኛ መንገድ

አዲስ መካከለኛ ከመግዛት በተቀራራቢ ገንዘብ ያገለገለ ውድ ጊታር ማግኘት ይቻላል። ጊታር ከሱቅ በወጣ ማግስት ዋጋው ይወርዳል፤ ያንን ኪሳራ የመጀመሪያው ባለቤት ተሸክሞላችኋል። ስትሸጡት ደግሞ ብዙም አትከስሩበትም። ደረጃ 5 ላይ ያለውን ፍተሻ በሙሉ አድርጉ። በተጨማሪ የሚከተለውን እዩ።

የፍሬቶቹ አናት ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል? ክሮቹ ስር ቦይ ተቆፍሯል? ፍሬት መቀየር ውድ ሥራ ነው፤ ዋጋው ላይ ደምሩት። ጊብሰን ከሆነ ጭንቅላቱ ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበትን ጀርባ በብርሃን መርምሩ። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ፣ ብዙ ጊዜ 17 ዲግሪ ስለሆነ፣ ወድቆ እዚያ ላይ የተሰበረ ብዙ ነው። በጥሩ ባለሙያ የተጠገነ ስብራት ለመጫወት ምንም አይጎዳም። ዋጋው ግን በጣም መውረድ አለበት።

አስመስለው የተሠሩም አሉ፤ በተለይ ሌስ ፖል። የትራስ ሮዱ መክደኛ ላይ ተመልከቱ። እውነተኛው ጊብሰን በ2 ብሎን ነው የሚታሰረው፤ አስመሳዮቹ ላይ ብዙ ጊዜ 3 ይገኛል። መክደኛውን ስታነሱ እውነተኛው ላይ የነሐስ ቀለም ያለው ባለ ስድስት ጎን ዳዶ ታያላችሁ። መለያ ቁጥሩን ከአምራቹ ጋር አመሳክሩ። ሻጩ “ቶሎ ወስን፣ ሌላ ገዢ እየጠበቀ ነው” ካለ ተረጋጉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሚባለው።

8. እንግዲህ ወስኑ

የመጀመሪያውን ወረቀት አውጡ። እዚያ ላይ የጻፋችሁት ጉድለት በየትኛው ጊታር ላይ ተፈቷል?

ከሁለት ሦስት ዓመት በታች ከተጫወታችሁ መካከለኛውን ምረጡ። ገና እጃችሁ ምን እንደሚወድ እያወቀ ነው፤ በዓመት ውስጥ ምርጫችሁ ሊቀየር ይችላል። ብዙ ዓይነት ሙዚቃ ለምትጫወቱም ሁለት የተለያዩ መካከለኛ ጊታሮች ከአንድ ውድ ጊታር የበለጠ ሥራ ይሠራሉ። ደግሞ መድረክ ላይ አንዱ ክር ሲበጥስ ሌላው አለ።

ውዱን ለምን ሰው እመክረዋለሁ? በሳምንት ብዙ ሰዓት ለሚጫወት፣ ከባንድ ጋር ለሚሠራ፣ ስቱዲዮ ለሚገባ። ማይክሮፎን ፊት የፍሬት ዝዝታና የተዛባ እርከን አይደበቅም። ከሁሉም በላይ ደግሞ “ይሄ አንገት፣ ይሄ ክብደት፣ ይሄ ድምፅ” ብሎ በትክክል መናገር ለሚችል ሰው። መናገር ከቻላችሁ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

ደረጃው ያስጨነቀው ሰው ኲን የተባለውን የሮክ ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይን ያስታውስ። እሱና አባቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ቤት ውስጥ ጊታር መሥራት ጀመሩ፤ ለአንገቱ የተጠቀሙት የአሮጌ ምድጃ ክፈፍ እንጨት ነበር። በዚያ ጊታር ከኲን ጋር ዓለምን ዞሮበታል።

9. ከገዛችሁ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት

ጊታሩን ቤት አስገቡና ከሳጥኑ ሳታወጡ ጥቂት ሰዓት አቆዩት፤ በተለይ ውጭው ቀዝቃዛ ከሆነ። ከዚያ በምትጫወቱበት ክፍል ሁለት ሦስት ቀን ይክረም። እርጥበቱ ከ40 እስከ 60 በመቶ ባለው መካከል ቢሆን እንጨቱ ይረጋጋል። ክሩን ለናንተ በሚመቸው ውፍረት ቀይሩት፤ 9 ወይም 10 የሚባሉት ለአብዛኛው ሰው ይሆናሉ። የክር ውፍረት ሲቀየር የአንገቱ ውጥረትም ይቀየራል። ስለዚህ ሴትአፑን ከዚህ በኋላ ነው የምታሠሩት፣ ከዚያ በፊት አይደለም።

የመመለሻ ቀን የተሰጣችሁ እንደሆነ ቀኑን ጻፉና በዚያ ጊዜ ውስጥ በራሳችሁ አምፕ፣ በራሳችሁ ፔዳል፣ ከተቻለም ከባንዱ ጋር በሙሉ ድምፅ ተጫወቱበት። ሱቅ ውስጥ ያልታየ ነገር ልምምድ ክፍል ውስጥ ይታያል፦ ፒክአፑ ይጮኻል፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ቅኝቱ ይወርዳል፣ ማንገቻው የሚታሰርበት ብሎን ይላላል። ብሎን ማጥበቅ የደቂቃ ሥራ ነው። ቅኝቱ ግን ከሴትአፕ በኋላም ከወረደ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ ቀኑ ሳያልፍ መልሱት።